የአራቱ እናት፣ የእትዬ ድገሙ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዘመድ ወዳጆች፣ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎችና መምህራን፣ እናንተም በፊተኛው ረድፍ የሙዚቃ መሣሪያችሁን ይዛችሁ አንገታችሁን የደፋችሁ አራቱ፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእኅታችንን ታሪክ ከልደታቸው እስከ ሞታቸው ባጭሩ እንድናሰማችሁ ቤተሰቡ አዝዞናል። ባጭሩ ማለታችን ለወጉ ነው። ሟች በሕይወት ሳሉ በሰው ቀብር ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲነበብ በሰሙ ቁጥር ከንፈራቸውን ጠመም አድርገው «ይኼ የሚነበብለት ሰውዬ ማነው? እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ እሱ አልሞተም ማለት ነው» እያሉ ከጎናቸው የቆመውን ለቀስተኛ በሳቅ ያስጨንቁ ስለነበር፣ የእርሳቸውም ተራ ሲደርስ ማር የተቀባ ወሬ እንዳይነበብባቸው በብርቱ አስጠንቅቀው ስለነበር፣ ሙት ወቃሽ እንዳትሉን ከወዲሁ እንለምናችኋለን። የሚያነብላችሁም የአክስታቸው ልጅ፣ በሬዲዮ ዜና ሲያነብ ዕድሜውን የፈጀው ነው። እርሳቸው ስለ ሙያው ሲጠየቁ «ድምፁስ መልካም ነው፤ የሚያነበው ነገር ገብቶት ቢሆን ኖሮ» ይሉ ነበር። የዛሬው ገብቶታል።

እኅታችን በከተማው መሐል ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ከነበሩት ከአባታቸውና በጤና ጣቢያ አዋላጅ ከነበሩት ከእናታቸው፣ ለሁለቱም አንዲት ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ከፊደሎቹ መካከል አንዷ ምቷ ከሌሎቹ የዘገየች እንደሆነ ሳያዩ በጆሯቸው ብቻ የሚለዩ ባለሙያ ስለነበሩ፣ ልጃቸውን ከባንኮኒው ላይ አስቀምጠው «የቷ ናት የዘገየችው?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር፤ ሲስቱም መዳፋቸውን በማስመሪያ መታ ያደርጓቸው ነበር። እናታቸው በበኩላቸው ቀኑን ሙሉ የሰው ምጥ ሲሰሙ ውለው የሚገቡ ስለሆኑ፣ ማታ የልጅ ለቅሶ የሚያባብሉበት ጉልበት አልነበራቸውም፤ «ብታለቅሺም ባታለቅሺም ያው ነው፣ ሲደክምሽ ትተዪዋለሽ» ይሉ ነበር። እኅታችንም አልቅሶ ሰሚ ማግኘት እንደማይቻል ገና በሕፃንነታቸው ተረድተው፣ ከዚያ ወዲያ ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው የለም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት በመከታተል ላይ ሳሉ፣ በሙዚቃ ክፍሉ ቁም ሣጥን ተቆልፈው ከኖሩት ጥቂት ቫዮሊኖች አንዱ በዕጣ የደረሰው ለእርሳቸው ሳይሆን በአንድ ግቢ አብሯቸው ላደገው ለአክስታቸው ልጅ ነበር። እርሳቸው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ካደሩ በኋላ ወደ ሙዚቃ መምህሩ ሄደው፣ ልጁ አገጩ ላይ የሚጋባ ቁስል እንዳለበት፣ ቤተሰቡም ከሐፍረት የተነሣ ነገሩን እንደ ደበቀ፣ ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። መምህሩ ልጁን በሩቁ አስቁመው፣ ቫዮሊኑን በጨርቅ ተቀብለው፣ በአልኮል ጠራርገው ለእኅታችን ሰጧቸው፤ ልጁም ወሬው እስኪበርድ ድረስ በክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ብቻውን ተቀመጠ። ያ ልጅ አሁን ፊታችሁ ቆሟል። ቂም አልያዘም፣ ረስቶትም አያውቅም። እውነት እንናገር ከተባለ ግን ቫዮሊኑ በእርሱ እጅ ቢቀር ኖሮ የምስጥ ቀለብ ይሆን ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ክፍል በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው፣ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ውጭ ተልከው ሲመለሱ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ሐሳቡም፣ ዩኒቨርሲቲው ለሐኪሞቹ ሆስፒታል፣ ለመሐንዲሶቹ ወርክሾፕ እንዳለው ሁሉ፣ በግቢው የሚኖር፣ በየቀኑ የሚለማመድ፣ የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ባልደረባ የሆነ የአራት ሰዎች የሙዚቃ ቡድን ያስፈልገዋል የሚል ነበር፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ፣ ከፊት ቆሞ በትር የሚያወዛውዝ አለቃ የሌለበት፣ በዓይንና በትንፋሽ ብቻ የሚግባቡበት። አለቆቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ እርሳቸው ግን የፈለጉትን እስኪያገኙ ድረስ ከቢሮ በር ላይ ተተክለው የሚውሉ ሰው ስለሆኑ፣ ለመገላገል ሲባል ተፈቀደላቸው። የተሰጣቸውም ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ሲከማቹበት የኖረ፣ በመስኮቱ የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ የሚታይበት ምድር ቤት ነበር። ቡድኑ በግቢው «አራቱ» ተባለ። እርሳቸውም በልምምድ ላይ «ድገሙ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያወጡ፣ ከላይ ተቀምጠው የሚያጠኑ ተማሪዎች ስም አወጡላቸው፤ እነሆ እትዬ ድገሙ እንደ ተባሉ ኖረው እትዬ ድገሙ እንደ ተባሉ አረፉ። በስሙ ተቀይመው አያውቁም፤ «ከምሰማው ስድብ ሁሉ ልክ የሆነው ይኼ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ምድር ቤት ነው። የቡድኑ ባለ ቼሎ ሰፊ ትከሻ፣ ዝግ ያለ አነጋገር፣ ለሰው ሁሉ የሚራራ አንጀት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ነበራቸው ስንል ዛሬም አሉ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ጋብቻው የተፈጸመው በሁለት ልምምድ መካከል በነበረው የምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ሙሽሪት ከሰዓት በኋላ በተለመደው ደቂቃ ወንበራቸው ላይ ተገኝተው፣ ሙሽራው ዘግይተው በመግባታቸው ተቆጥተዋቸዋል። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ልጅቷ በምድር ቤቱ ጥግ በቅርጫት ተኝታ ስታለቅስ፣ አባቷ ቀስታቸውን ሊያስቀምጡ ብድግ ሲሉ፣ እናቷ በዓይናቸው መልሰው ያስቀምጧቸው ነበር። ከፍ ስትል አንድ ቀን እንግዳ ፊት አስቁመው ጥቂት ድምፅ እያሰሙ እንድትከተል አዘዟት፤ አልሆነላትም። «ግድ የለም፣ ለአድማጭነት ትሆናለች» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፣ እርሷም አብራ ሳቀች፤ ምን እንደ ተባለች የገባት ቆይቶ ነው።

የእኅታችን ሕይወት አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ እርሱም አራቱ እንዳይፈርሱ ነው። በትልቁ አዳራሽ ሲጫወቱ የሚመጣው ሰው ከቤተሰብ፣ ከጎረቤትና ዝናብ ካስገባው ተማሪ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከኋላ ቆመው ባዶ ወንበሩን በዓይናቸው ከቃኙ በኋላ «ይህ ቡድን እዚህ የሚኖረው ለማን ብሎ ነው? ወይ አድማጭ አምጡ፣ ወይ ክፍሉን ለፎቶ ኮፒ ማሽን እንፈልገዋለን» አሉ። እኅታችንም ሳይውሉ ሳያድሩ «አድማጭ ካልመጣ ወደ አድማጭ ይኬዳል» ብለው መለሱ። በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎት እየተባለ የሚወደሰው ሥራ እንዲህ ተጀመረ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለሕዝብ ከማሰብ ሳይሆን ከመባረር ፍርሃት ነው።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምሳ አዳራሽ ነው። ሠራተኛው ሳህን ያጋጫል፣ ይስላል፣ በስልክ ያወራል፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሙዚቃው ምን እንዳስታወሳት እንጃ፣ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። ሁለተኛውን ቫዮሊን የሚጫወተው፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «ዝምተኛው» የሚባለው የእኅታችን ተማሪ፣ ደንግጦ አቆመ፤ ሌሎቹም ተከትለውት አቆሙ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ዘወር ብሎ ሴትዮዋን አየ፤ እርሷም አፏን በሽርጧ ይዛ እየሮጠች ወጣች። እኅታችን ሲመለሱ በመኪና ውስጥ የተናገሩትን ዝምተኛው እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። «ያችን ሴት ያዋረድናት እኛ ነን። ብንቀጥል ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? በሙዚቃው ተሸፍና እንደ ልቧ ታለቅስ ነበር። ከእንግዲህ ሰው ቢስል፣ ቢስቅ፣ ቢጮኽ፣ ጣራው ቢደረመስ እስከ መጨረሻው ኖታ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። በር ይዘጋል፤ መሐል የሚገባ የለም፣ መሐል የሚነሣም የለም።» ሕጉ ይኸው ነው። ክፉ ሕግ ነው አንልም፤ እንዲያውም እኅታችን ካወጧቸው ሕጎች ሁሉ ደግነት ያለበት እርሱ ብቻ ነበር።

ሕጉም ሠራላቸው። በወህኒ ቤት፣ በወላዶች ማቆያ፣ በአውቶቡስ ጋራዥ፣ ሌላ ቦታ ድምፁን ማውጣት የሚያፍር ሰው ሁሉ እነርሱ ዘንድ እንደ ልቡ እየሳለ፣ እየተነፈሰ፣ እንባውን እያፈሰሰ ያዳምጣቸው ጀመር፤ ጥሪውም በዛ። መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ትምህርት ቤት በሄዱ ጊዜ ባለ ቼሎው ልጆቹን ጠርተው መዳፋቸውን በቼሎው ሆድ ላይ አስደገፏቸው፤ ልጆቹ ድምፁ በእጃቸው ሲገባ እየተንጫጩ ሳቁ። ሁሉም አብሯቸው ሳቀ። እኅታችን ብቻ «የእነሱ እጅ ድምፁን አፈነው፤ ሁለተኛ እንዳይለመድህ» አሉ። ያም ሆኖ የዚያን ዕለት ፎቶ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ወስደው ሰጡ፤ ቡድኑም ለጊዜው ከሞት ተረፈ።

ሕጉ መጀመሪያ የበላው ባለ ቼሎውን ነው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሲጫወቱ ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ። ባለ ቼሎው ቀስታቸውን ጥለው ሮጡና አነሷቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን በእኅታችን ዓይን ተይዘው ከእርሳቸው ጋር ያለ ቼሎ ጨረሱ። ሽማግሌው ደህና ነበሩ፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል። በመኪና ውስጥ ባለ ቼሎው «ቢሞቱስ ኖሮ?» ብለው ቢጠይቁ፣ እኅታችን «ሽማግሌው ተኝቶ ነው የወደቀ፤ አንተ ግን ነቅተህ ነው የጣልከን» አሏቸው። በማግሥቱ ባለ ቼሎው ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ በወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው፣ አንዲት ተማሪ፣ ቼሎዋን ስትቃኝ አገኟት። ሚስታቸው ከኖታው ቀና ሳይሉ «በሩን ዝጋው፣ እየጀመርን ነው» አሏቸው። ዘጉትና ወጡ።

ትዳሩ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ቆየ እንጂ አልኖረም። ባለ ቼሎው ልጃቸውን ይዘው የወጡት ያለ ጭቅጭቅ ነው፤ የሚጨቃጨቅ ሰው ቤት አልነበረምና፣ እኅታችን ልምምድ ላይ ነበሩ። ባለ ቼሎው በአንድ ሕንፃ ሥር የተሰበረ ጊታርና ክራር የሚጠግኑበት ትንሽ ሱቅ ከፍተው ልጃቸውን አሳደጉ። ልጅቷ አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን እናቷን ጋበዘች፤ መጡም። ግን ከነአራቱ መጡ፤ ተጫወቱ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ስንት ሰው እንዳዳመጠ ርእሰ መምህሩን አስፈርመው ሄዱ። ልጅቷ ከወላጆች ወንበር አንዱን ሹራቧን ጥላበት ስትጠብቃቸው ነበር። አድጋ ፋርማሲስት ሆናለች፤ ሙዚቃ በሚሰማበት ሱቅ ገብታ ዕቃ አትገዛም።

እናት ያጣችው ልጅ ሌላ ቦታ ስታድግ፣ እናት ያገኘው ደግሞ ዝምተኛው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእርሳቸው በቀር መምህር አልነበረውም፤ ልብሳቸውን ከልብስ ንጽሕና መስጫ ያመጣል፣ ሲታመሙ መድኃኒት ይገዛል፣ ዓይናቸውን አይቶ የልባቸውን ያውቃል። እርሳቸውም ውለታውን ሲመልሱ «አንደኛ ቫዮሊን አይማሩትም፣ ይዘውት ይወለዳሉ፤ አንተ ሁለተኛ ሆነህ ነው የተወለድከው» ይሉት ነበር። ይህን በተማሪዎች ፊት፣ በእንግዳ ፊት፣ አንድ ጊዜም በእጮኛው ፊት ብለውታል፤ እጮኛይቱ ከዚያ ወዲያ አልታየችም። እርሱ ግን አልሄደም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ከእሳቸው ቀጥሎ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋቸዋላ» ብሎ ይመልስ ነበር።

እኅታችን የታመሙት በዚያው ምድር ቤት፣ በልምምድ ላይ ነው። ቫዮሊናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሦስቱን ሲያዳምጡ ስትሮክ መታቸው፤ ሦስቱ ጨርሰው ቀና ሲሉ እርሳቸው ፍጥጥ ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከ«ድገሙ» የባሰ ቁጣ መሆኑን ስለለመዱ፣ ሳይታዘዙ ደገሙት። አሁንም ዝም። እንደገና ደገሙት። ከንፈራቸው በአንድ ወገን ወርዶ ምራቃቸው ሲንጠባጠብ ነው የባነኑት። ሐኪሞቹ ቶሎ ቢደረስላቸው ኖሮ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ምላሳቸውም ታሰረ፤ ከአንዲት «እእ» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም አልቀረላቸውም።

የመጨረሻውን አንድ ዓመት ከጥቂት ወር የኖሩት ለረጅም ጊዜ ሕሙማን በተመደበ ዎርድ ነው። ልጃቸው መድኃኒቱን ታቀርባለች፣ ለሐኪሞቹ ትደውላለች፣ አልጋው አጠገብ ግን አትቀመጥም ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት በአውቶቡስ የሚመጡት እኚያ የተባረሩት ባለ ቼሎ ናቸው። እኅታችን ጉሮሯቸው መዋጥ ስለተሳነው ደረቅ ነገር ጨርሶ ተከልክለው ነበርና፣ ባለ ቼሎው ወፈር ተደርጎ የተፈጨ ምግብ በፔርሙዝ እያመጡ፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ይዘው፣ በሻይ ማንኪያ አንዴ ያጎርሱና፣ ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፈው መውረዱን እስኪያረጋግጡ ይጠብቁ ነበር። እኅታችን መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር። ውጣ የሚሉበት አፍ ስላጡ ግን ሰውየው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ሱቃቸውና ስለ ልጃቸው አወሩ፤ ከተጋቡ ጀምሮ ሳይቋረጡ የተናገሩት ያኔ ብቻ ነው። ከጎን አልጋ ያሉት፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበሩ አሮጊት እንደሚመሰክሩት፣ በስተመጨረሻው እኅታችን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ በሩን በሩን ያዩ ጀምረው ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የአራቱ ነገር እንደገና ከፋ። ዝምተኛው በአንደኛው ወንበር ተቀመጠ፣ በእርሱም ቦታ አዲስ ልጅ ተተካ፤ ነገር ግን እትዬ ድገሙ ከሌሉ ከቢሮ በር ላይ የሚተከል ሰው የለምና፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ እንዲዘጋ አሳብ አቀረቡ። ዝምተኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥቶ ተናገረ፤ የቦርዱ አባላት ቢያንስ አንድ ጊዜ መጥተው እንዲሰሙ፣ የሚሰሙትም መሥራቿ በተኙበት ዎርድ እንዲሆን ለመነ። ለእኅታችንም ሄዶ ነገራቸው። «የሚወሰነው ያን ቀን ነው፣ እትዬ» ቢላቸው፣ በደህናው እጃቸው የእጁን አንጓ ጨብጠው አልለቅም አሉት። እርሱም እንደ ምርቃት ቆጠረው፤ ምን ሊሉት እንደ ፈለጉ ግን የሚያውቅ የለም።

በቀኑ የዎርዱ የመመገቢያ ክፍል ወንበር ተደርድሮበት፣ የቦርድ አባላት በግራ፣ ሕሙማኑ በቀኝ ተቀመጡ፤ እኅታችንም ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ በዊልቸር ከፊት መሐል ላይ ቀረቡ። ለእንግዳ ጭማቂና ኬክ ዞረ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ ክፋት የሚባል የሌለባት ልጅ፣ መሥራቿ ባዶ እጃቸውን ሲታዩ ፎቶው አያምርም ብላ አንዲት ቁራሽ ኬክ በደህናው እጃቸው አስያዘቻቸው። ክልከላውን የሚያውቁት ሲስተር በዚያች ሰዓት የቦርዱን ሰብሳቢ ወንበር እያስያዙ ነበር። በሩ ተዘጋ። ባለ ቼሎው አውቶቡሳቸው ዘግይቶባቸው፣ ፔርሙዛቸውን ይዘው ከመስተዋቱ በር ሲደርሱ፣ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ «ሳያልቅ አይገባም አባት፣ ጥብቅ ትእዛዝ ነው» አላቸው። ትእዛዙ የማን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉና አልተከራከሩም፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚስታቸውን ጀርባ እያዩ ቆሙ።

እኅታችን ኬኩን ጎረሱ። ከዓመት በላይ ጣፋጭ ያልቀመሰ ሰው ነውና ማን ይፈርድባቸዋል? አራቱ ከዜማው ዝግ ብሎ የሚሄደውን ክፍል ገና ሲጀምሩ ኬኩ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያቺ አንዲት ድምፃቸው ወጣች፣ ቀጥሎ እርሷም ጠፋች። ከጎናቸው ያሉት አሮጊት «ኧረ ታነቀች! ኧረ ድረሱ!» ብለው ጮኹ፤ ግን በየቀኑ በረባ ባልረባው የሚጮኹ ስለሆኑ ሲስተሯ እንኳ ዝም በሉ ለማለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ከማድረግ አላለፉም። ተጫዋቾቹም እንደ ተማሩት አልሰሙም።

ዝምተኛው ግን አይቷል። በአንደኛው ወንበር ላይ ሆኖ ዓይኑን ከፊታቸው አልነቀለም ነበርና፣ ፊታቸው ሲጠቁር፣ ዓይናቸው ሲፈጥ፣ ደህናው እጃቸው ተነሥቶ የዊልቸሩን ክንድ ሲደበድብ በደንብ አይቷል። ምት የሚሰጡት መሰለው። እየጎተታችሁ ነው፣ አፍጥኑ የሚሉት መሰለው። ዕድሜ ልኩን አንዲት «ደግ አደረግህ» የምትል ቃል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና፣ መምህሩ በመጨረሻ ሊመሩት እጃቸውን ሲያነሡ በደስታ ተከተላቸው። ሦስቱም እርሱን ተከተሉ። እጃቸው ሲፈጥን ፈጠኑ፣ ሲበረታ በረቱ። በመስተዋቱ በር ላይ ቡጢ ሲወርድ፣ «ክፈቱ! እየሞተች ነው!» የሚል የባለ ቼሎው ጩኸት ሲመጣ፣ ቀና ያለ የለም። እጃቸው ሲዝል እነርሱም ዝግ አሉ፤ ምቱ ሲራራቅ እነርሱም ኖታውን አራራቁት፤ እጃቸው ወርዶ ሲንጠለጠል የመጨረሻዋን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይዘው ለቀቋት። ጭብጨባው ቀለጠ። የቦርዱ ሰብሳቢ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። በሩ ተከፈተና ባለ ቼሎው በጭብጨባው መሐል ሮጠው ደረሱ፤ አገጫቸውን ይዘው፣ አፋቸውን በጣታቸው ጠርገው፣ ጀርባቸውን ቢመቱም፣ ሲስተሯ ቢረባረቡም፣ እኅታችን አልፈው ነበር።

በማግሥቱ ዩኒቨርሲቲው ባወጣው የሐዘን መግለጫ፣ እኅታችን «በመሠረቱት ቡድን ዜማ ታጅበው በሰላም አንቀላፉ» ተባለ። ከፊት ተቀምጠው፣ ኬካቸውን ይዘው የተነሡት ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አራቱን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ቦርዱም ቡድኑ በስማቸው ተሰይሞ በዩኒቨርሲቲው ለዘለቄታው እንዲኖር በአንድ ድምፅ ወሰነ። እኅታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ የጠኑበት ጉዳይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመላቸው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዛሬ ጠዋትም ቀረብ ብለው፣ ስለ አሟሟታቸው ስናነብ መግለጫው ላይ ያለውን ቃል ብንጠቀም መልካም እንደሆነ መክረውናል። እዚህ ስላሉ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ይህን እንድናነብ ያደረገን ዝምተኛው ነው። ከትናንት በስቲያ ልጃቸው ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄዶ፣ ሰው ወረፋ ይዞ እያየው፣ ያየውን፣ የመሰለውንና ያደረገውን አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ «እኛ ነን የገደልናቸው፤ እውነቱ ይነገር፣ አራቱም ይፍረሱ» አላት። እርሷ የያዘችውን መድኃኒት ለባለቤቱ ሰጥታ፣ አወሳሰዱን አስረድታ ስታበቃ፣ «ጥሩ ተጫወታችሁ?» ብላ ጠየቀችው። እንዲያ አድርገው ተጫውተው እንደማያውቁ ማመኑ አሳፈረው እንጂ አልዋሻትም። «እንግዲያው አትፈርሱም» አለችው። «እናቴ ለዚህ ቡድን አባቴን ሰጥታለች፣ እኔን ሰጥታለች። ራሷን ብቻ ሰጥታ ለዘለዓለም እንዳቆመችው ቢነግሯት፣ በዚህ ርካሽ? ብላ ነበር የምትስቀው። ውሸቱ ግን በቀብሯ ላይ አይነበብም።» ስለዚህ አልተነበበም።

ከኋላቸው የቀሩትን ስንዘረዝር እንደ ወጉ ልጅን ማስቀደም ይገባን ነበር፤ ልጃቸው ግን እናቷ በሚወዱት ተራ እንዲነበብ ጠይቃለች። በዚሁ መሠረት እኅታችን አራቱን፣ ከአራቱም ዝምተኛውን፣ እርሳቸውን ሰምተው ድምፃቸውን ማውጣት የደፈሩ ብዙ አድማጮችን፣ ባለቤታቸውን ባለ ቼሎውን፣ የአክስታቸውን ልጅ፣ በመጨረሻም አንዲት ልጃቸውን ትተው፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ፈጣሪ በሰው ላይ የጨከኑትን ሳይሆን በራሳቸው ላይ የጨከኑትን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ባለቤታቸውን ያጽናልን፤ ዝምተኛውንም ራሱን ይቅር የሚልበት ቀን ይስጠው። ልጃቸው እስከዚች ሰዓት አላለቀሰችም፤ ማልቀሷ አይቀርምና፣ በምታለቅስበት ቀን አጠገቧ ሰው አያሳጣት።